የሸማኔው ስም ማን ነበር?

አንዳንድ ጨዋታ አለላችሁ፣ ጠረጴዛ ከብበው ሲያወሩት ዐዋቂ የሚያስመስል። እኔም ለዓመታት የያዝኳት አንዲት እንዲህ ያለች ጨዋታ ነበረችኝ። የገንዘብ ነገር በተነሳ ቁጥር ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ እጀምራለሁ። «ሆላንዶች በአንድ ዘመን በአበባ አብደው ነበር…»

እቀጥላለሁ። በ1637 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አንድ ራስ ቱሊፕ በአንድ ቤት ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሸማኔው የሽመና ዕቃውን፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊው መጥረጊያውን ሸጦ ንግዱ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ገዢ ጠፋ። ሀገር ከሰረ፤ ሰው ራሱን ቦይ ውስጥ እየወረወረ ሞተ። አለቀ። ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ እኔ ቡናዬን ፉት እላለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህችን ጨዋታ በእህቴ ልጅ ላይ አዋልኳት። ልጁ ከደመወዙ እየቆጠበ ያጠራቀማትን ገንዘብ «በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል» ከተባለበት ቦታ አስገብቶ፣ ገንዘቡም ሰዎቹም ቀልጠው ቀርተዋል። በዓል ነው፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል። ዶሮው ቀርቦ ወሬው ወደ ልጁ ዞረ። እኔ ምን አፌን ያዘኝ? ቱሊፔን አመጣኋትና «እንደ ሆላንዱ ሸማኔ!» ብዬ ዘጋሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁ ብቻ አልሳቀም። እጁን እየታጠበ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ የሸማኔው ስም ማን ነበር?» አለኝ።

የሚመለስ ነገር አልነበረኝም። ስም የሌለው ሰው ነበር ሳዋርድ የኖርኩት። ለወጉ ያህል «ስሙ ምን ያደርግልሃል?» አልኩና አለፍኩት። ጥያቄዋ ግን አላለፈችኝም።

መልሱን ያገኘሁት አንድ በኔዘርላንድ ተምሮ የመጣ ወዳጄ ባዋሰኝ መጽሐፍ ነው። አን ጎልድጋር የሚባሉ የታሪክ ምሁር በ2007 ያሳተሙት ነው፤ «ቱሊፕማኒያ» ይላል። ንዑስ ርእሱ «ገንዘብ፣ ክብርና ዕውቀት በሆላንድ ወርቃማ ዘመን» ማለት ነው። የምሁር መጽሐፍ ስለሆነ ገጹ በውል ሰነድና በአበባ ስም የተጨናነቀ ነው፤ አልጋ ላይ ተጋድመው የሚያነቡት ዓይነት አይደለም። እኔ ግን ሸማኔውን ፍለጋ ስለገባሁ እስከ መጨረሻው ዘለቅኩት። ይኸው ሳገኘው ደግሞ ለብቻዬ አልያዝኩትም።

አስቀድሞ እውነት የሆነውን እንያዝ። ቱሊፕ ወደ ምዕራብ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ከኦቶማን ቱርኮች ሀገር ነው። በሆላንድ ምድር ስሙ ከገነነላቸው ሰዎች አንዱ በ1593 ላይደን ዩኒቨርሲቲ የመጣው የዕፀዋት ሊቅ ካሮሉስ ክሉሲየስ ነው። የሀብታሙን ዓይን የሳበው ግን አንድ ዓይነት ብቻ የሆነው ቱሊፕ አይደለም፤ በነጭ ላይ ቀይ ነበልባል የመሰለ መስመር የተሰነጠቀበት እንጂ። ያ መስመር ከየት እንደሚመጣ በዚያ ዘመን ማንም አያውቅም። ዘንድሮ አንድ መልክ የነበረው አበባ ለከርሞ ተዥጎርጉሮ ይወጣል። ነገሩ በሽታ መሆኑ፣ ክሽክሽ የምትባለዋ ትንሽ ተባይ የምታስተላልፈው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለታመመ አበባ ነበር ማለት ነው።

ንግዱ እንዴት ተጧጧፈ? ቱሊፕ ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሚሸጠው እንደ ሽንኩርት ያለው ራሱ ነው። ራሱ ደግሞ በመኸር ተተክሎ እስከ ሰኔ አፈር ውስጥ ነው ያለው። ክረምቱን ሙሉ በእጅ የሌለ፣ በዓይን የማይታይ ነገር በወረቀት ይሸጣል፤ ገዢው መልሶ ለሌላው ይሸጠዋል። ሆላንዶች ይህን «የነፋስ ንግድ» ብለው ጠሩት። እኛስ ምን እንለዋለን? «አየር በአየር»! ሁለት ሕዝብ ሳይመካከር አንድ ስም ማውጣቱ ይገርማል። ዛሬ የዝዋይ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ለሽያጭ የሚሄደው ወደዚያው አየር በአየሩን ወዳወቁት ሰዎች ሀገር ነው።

ገበያው መሸታ ቤት ነበር። በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ «የወይን ገንዘብ» የምትባል ትንሽ ክፍያ አለች፤ ስሟ እንደሚናገረው ወደ ብርጭቆ ነበር የምትሄደው። ዋጋው በ1636 መጨረሻና በ1637 መጀመሪያ ጣሪያ ነካ። አንድ ጥሩ የእጅ ባለሙያ በዓመት 300 ጊልደር ያህል በሚያገኝበት ጊዜ፣ ውድ የተባሉት የቱሊፕ ራሶች 5,000 ጊልደር ያህል ተጠሩ። ለንጽጽር ያህል፣ ሬምብራንት ከጥቂት ዓመታት በኋላ «የሌሊት ዘብ» ለተባለው ግዙፍ ሥዕሉ ያገኘው ክፍያ 1,600 ጊልደር ነው ይባላል። የካቲት 1637 ሲገባ በሃርለም ከተማ ሻጭ ዋጋ ቢጠራ የሚመልስለት ጠፋ። በዚያው ሳምንት በአልክማር ከተማ የአንድ የሞተ መሸታ ቤት ባለቤት ልጆች የወረሱት ቱሊፕ በጨረታ ወጥቶ 90,000 ጊልደር ያህል ተጠርቶበታል፤ ስንቱ እንደተከፈለ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ የእኔ ጨዋታ ልክ ነበረች። የተሳሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ጎልድጋር የሠሩት ሥራ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ከባድ ነው። ተረቱን ትተው የውል አዋዋዮችን መዝገብ ገለጡ። ሆላንዶች ለጥቂቱም ለብዙውም ወደ ውል አዋዋይ የሚሄዱ ሰዎች ናቸውና የሃርለም፣ የአምስተርዳምና የሌሎች ከተሞች ቤተ መዛግብት በሰነድ የተሞሉ ናቸው። ማን ለማን ሸጠ፣ በስንት ሸጠ፣ ማን ማንን ከሰሰ፣ ማን የማን አማች ነው… ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለቀሙት። ከ300 ጊልደር በላይ አውጥተው ቱሊፕ የገዙ ሆነው ያገኟቸው 37 ሰዎች ናቸው። እነሱም ከጥቂቶች በቀር ሀብታም ነጋዴዎች፣ ቢከስሩም ቤታቸው የማይፈርስ። በቱሊፕ ምክንያት ከሰረ የሚባል ሰው ፈልገው አንድም አላገኙም። ሁልጊዜ ለምሳሌ የሚጠራው ሠዓሊ ያን ፋን ኾየን ዕዳ ውስጥ ሆኖ መሞቱ እውነት ነው፤ ያሰመጠው ግን በዋናነት የመሬት ንግድ ነው። ቦይ ውስጥ ራሱን የወረወረም አልተገኘም። የሀገሩም ኢኮኖሚ እንደነበረ ቀጠለ።

ታዲያ ሸማኔውስ? ጭስ ማውጫ ጠራጊውስ? እነሱን ማን ወለዳቸው?

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። ጎልድጋር ወሬውን እንደ ወንዝ ሽቅብ ይከተሉታል። እኛ ሁላችን ተረቱን የወረስነው ቻርልስ ማካይ ከሚባል ስኮትላንዳዊ ጋዜጠኛ ነው፤ በ1841 ስለ ሕዝብ እብደቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቱሊፕን አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ማካይ የቀዳው ዮሐን ቤክማን ከተባለ ጀርመናዊ ነው። ቤክማን ከአብርሃም ሙንቲንግ፣ እሱም በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጻፈ የዕፀዋት ሊቅ። ሙንቲንግ ደግሞ ከአንድ ታሪክ ጸሐፊና ከአንድ በራሪ ጽሑፍ። ታሪክ ጸሐፊው ራሱ ከየት ቀዳ ቢባል፣ ከእነዚያው በራሪ ጽሑፎች! አራት አምስት ምስክር ቆሟል ብለን ስናምን የኖርነው ለካ አንድ ምስክር ነው፣ ልብስ እየለወጠ የሚመጣ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን አይተው መሆን አለበት።

ያ በራሪ ጽሑፍ ምንድነው? በ1637 በሃርለም የታተመ፣ በሁለት ሰዎች ንግግር የተጻፈ ስላቅ ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ተናጋሪ ዋርሞንት ይባላል፣ «እውነት አፍ» እንደማለት። ሁለተኛው ኻርኹት ነው፣ «ሀብት ለቃሚ» እንደማለት። ይህ ኻርኹት ከሙያው ወጥቶ ወደ ቱሊፕ ንግድ የገባ ሰው ነው። ሙያው ምን ነበር መሰላችሁ? ሽመና!

መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ሸማኔዬ ተገኘ። ስምም አለው። ችግሩ፣ ሰውየው ተወልዶ አያውቅም። የስላቅ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ስሙ ራሱ ስድብ ነው። እኔ ዘመድ መሀል የእህቴን ልጅ ያዋረድኩት በአንድ ልብ ወለድ ሰው ነበር።

በዚያ ዘመን ስለ ቱሊፕ የወጣው ስላቅና ዘፈን ብዙ ነው፤ ሥዕልም አለ። ታናሹ ያን ብሩኸል በ1640 ገደማ የሣለው፣ ጦጣዎች ቱሊፕ ሲሸጡና ሲገዙ የሚታዩበት ሥዕል ዛሬ በሃርለም ፍራንስ ሃልስ ሙዚየም ይገኛል። ያንን ሥዕል አይቶ «ለካ በሃርለም ጦጣ ይነግድ ነበር» የሚል የለም። በጽሑፉ ላይ ግን ያደረግነው ይህንኑ ነው። እኛ ከማንም በላይ ሰምና ወርቅ እናውቃለን የምንል ሰዎች ነን፤ ይሁንና የሰው ሀገር ሰም ሲቀርብልን ወርቅ ነው ብለን ለቀለበት አደረግነው።

ሌላም ልጨምር። ለአንድ ራስ ቱሊፕ ስንዴ፣ አጃ፣ በሬ፣ አሳማ፣ በግ፣ ወይን፣ ቢራ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ አልጋ፣ ልብስና የብር ዋንጫ ተከፈለ የሚል ዝርዝር ሰምታችሁ ይሆናል። ዝርዝሩ በእርግጥ አለ። የጻፈው ግን አንድ ተሳላቂ ነው፤ «በዚህ ገንዘብ እኮ ይህን ሁሉ መግዛት ይቻል ነበር» ለማለት። የኋለኞቹ ጸሐፊዎች «ይቻል ነበር» የምትለዋን ጣሏትና ዕቃው ሁሉ በጋሪ ተጭኖ የተከፈለ አደረጉት። አንዲት ግሥ ብትጣል አራት በሬና ስምንት አሳማ ይወለዳል ማለት ነው።

ጎልድጋር ተረቱን አፍርሰው ብቻ ቢሄዱ ኖሮ መጽሐፉ ግማሽ ይሆን ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ተነሳ? ብለው ይጠይቃሉ። መልሳቸው፣ የፈረሰው ኢኮኖሚው ሳይሆን መተማመኑ ነው የሚል ነው። የቱሊፕ ነጋዴዎች እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አማች፣ አብሮ የሚያስቀድስ፤ ብዙዎቹም የአንድ ማኅበረ ምእመናን፣ የሜኖናይቶች ወገን ነበሩ። ንግዳቸው የቆመው በቃል ነው። ዋጋው ሲወድቅ ገዢው «ሰኔ ላይ እከፍላለሁ» ያለውን ካደ። ሻጩ ደጅ ጠና፣ ከሰሰ። በየካቲት 1637 አብቃዮቹ አምስተርዳም ላይ ተሰብስበው ገዢው 10 በመቶ ከፍሎ ውሉን እንዲሰርዝ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁሉም አልተስማማም። የሃርለም ከተማ በ1638 በ3.5 በመቶ ውሉ ይፍረስ አለ። ስሌቱን ተዉትና ነገሩን አስቡት። የአማቹን ቃል ያመነ ሰው ከመቶው ሦስት ተኩል ተቀብሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት አለበት። እቁብ በልቶ የጠፋ ዘመድ ያለው ሰው ይህ ስንት ዓመት እንደሚያም አይጠፋውም። ቁስሉ ከኪስ ይልቅ ደረት ላይ ነው።

ተሳላቂዎቹ ታዲያ ከሰው ሁሉ ለምን ሸማኔን መረጡ? ሃርለም የሸማኔ ከተማ ስለነበረች ብቻ አይመስለኝም። ሀብታሙ በአበባ ሲጫወት «የአትክልት ፍቅር» ይባላል፤ ሸማኔው ሲሞክረው «እብደት» ይሆናል። ስላቁ «ቦታህን እወቅ» የሚል ነበር። ይህ ደግሞ የሩቅ ሀገር ወግ አይደለም። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸክላ ሠሪን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እኔ ያቺን ጨዋታ ስወዳት የኖርኩት ታሪክ ስለነበረች ነው ወይስ ሸማኔ ሲወድቅ ማየት ስለሚጥመን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳቀርብ ደስ አላለኝም።

ከጎልድጋር ቀጥሎ ያነበብኩት የሳይመን ሻማን «የሀብት ኀፍረት» ነው፤ በ1987 የታተመ፣ ስለዚያው ዘመን የሆላንድ ባህል። ሻማ ጸሐፊ ነው፤ ስለ አይብ፣ ስለ ምድጃ መጥረግ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ስብከት ሲያወጋ አፍ ያስከፍታል። ሀብት የመጣላቸው ሰዎች ሀብቱን እንዴት እንደፈሩት ከእሱ የተሻለ ያሳየኝ የለም። በቱሊፕ ነገር ግን አንባቢው ይጠንቀቅ። ሻማ የሚያነበው በአመዛኙ ስላቁንና ሥዕሉን ነው። ስላቅ የሰው ፍርሃት ምን እንደነበር ይናገራል፤ የሰው ኪስ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ፍርሃቱን ከአንዱ፣ ሒሳቡን ከሌላው ያገኛል።

ጎልድጋርንም ቢሆን ሳልነካቸው አላልፍም። ውል አዋዋይ ፊት የሚቀርበው የሚከፍለው ያለው ሰው ነው። መሸታ ቤት ውስጥ በእጅ መምታት ብቻ አሥር ጊልደር የተወራረደ ድሃ፣ ቢከስር በየትኛው መዝገብ ይገኛል? «አላገኘሁም» እና «አልነበረም» አንድ አይደሉም። ምሁሯ ይህን ልዩነት ጠንከር አድርገው ቢይዙት ኖሮ መጽሐፉ አይጎዳም ነበር። ከሀብታሞቹ የአበባና የዛጎል ስብስብ ጋር የቆዩበት ርዝመትም አንዳንዴ ያሰለቻል። ያም ሆኖ ማስረጃ ያለውን ከሌለው ለይተው ማሳየታቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ማካይንም በአንድ ነገር ልሸኘው። ስለ ሕዝብ እብደት በጻፈ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1840ዎቹ፣ በገዛ ሀገሩ የባቡር ሐዲድ አክሲዮን ትኩሳት ተነሳ። ማካይ ያኔ በግላስጎው የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። አስጠነቀቀ? የለም፤ ጋዜጣው «የሚያሰጋ ነገር የለም» ባዮች መሀል ነበር። የሞተ ሸማኔ እብደት ከሁለት መቶ ዓመት ርቀት ይታያል፤ የራስ ሰፈር እብደት ግን አይታይም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማካይ ከሚያስቃቸው ወሬዎች አንዱ፣ አንድ መርከበኛ ውዱን የቱሊፕ ራስ ሽንኩርት መስሎት ከዓሣ ጋር በላው የሚለው ነው። እኔም ስንቴ አስቄበታለሁ! እነዚያን የ1637 በራሪ ጽሑፎች ሰብስቦ በ1942 ያሳተመው ኤርንስት ክሬላኼ የሚባል፣ ራሱ ከሃርለም የቱሊፕ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ሀገሩ ያኔ በናዚ ጀርመን ተይዛ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎ፣ ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው «የረሀብ ክረምት» የሚባለው ጊዜ፣ የከተማው ሰው የሚቀምሰው አጥቶ የቱሊፕ ራስ ቀቅሎ በላ። ብዙ ሺህ ሰው በረሀብ ሞተ። እንግዲህ ቱሊፕ የበሉት ሆላንዶች ስምና መቃብር ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ግን የምናውቀው መርከበኛውን ነው።

ባለፈው በዓል ልጁን ጎኔ አስቀመጥኩትና «የሸማኔውን ስም አገኘሁት» አልኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ዘመድ እየሰማ። ያዋረድኩት ዘመድ መሀል ነበርና ይቅርታውም ዘመድ መሀል መሆን አለበት። ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ፤ ያስገባኝ የገዛ ጓደኛዬ ነበር» አለኝ።

ጎልድጋር ይህንኑ ለማለት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል።